ራሱን የፈተነው ሄርማን

የሄርማን ኤቢንግሃውስን ታሪክ ሳነብ ሁሌ የሚገርመኝ ብቸኝነቱ ነው። ጀርመናዊው ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1850 ተወለደ፤ ፍልስፍና ተማረ፣ ጦርነትም ዘመተ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ እያስተማረ ኖረ። ማስታወስ በቁጥር ይለካል ብሎ ሲነሳ ግን ቤተ ሙከራም ተፈታኝም አልነበረውም። በቃ፣ ራሱን ፈተነ።

የሚታወቅ ቃል አይሆንም፤ እናት የሚለውን ማን ይረሳል? ስለዚህ 2,300 ገደማ ባለ ሦስት ድምፅ፣ ትርጉም የለሽ ቃላት ፈጥሮ በተርታ ይሸመድድ ጀመር። ቆይቶ ያንኑ እንደገና ያጠናል። እንደፈለገ የሚቀይረው በመሃል የሚያልፈውን ጊዜ ነው፤ ከ20 ደቂቃ እስከ 31 ቀን። ነጻ ተለዋዋጭ የምንለው ይሄ ነው። የሚለካው ደግሞ ድጋሚ ሲያጠና ምን ያህል ጊዜ እንደቆጠበ ነው፤ ይሄ ጥገኛው ተለዋዋጭ። የንባቡ ፍጥነት ግን ሁሌም ያው። በ1879 እና 80 የሠራውን በ1883 እና 84 ራሱ ደገመው። ለእኔ ጀግንነቱ እዚህ ጋ ነው፤ መሰልቸትን እንዲህ መቻል!

ከ20 ደቂቃ በኋላ ቁጠባው 58 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34፣ ከወር በኋላ 21። መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ በዝግታ እንረሳለን ማለት ነው። በ1885 በመጽሐፍ አወጣው፤ በ1909 በሳንባ ምች ሞተ።

በአንድ ተፈታኝ ብቻ እንዴት ይታመናል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ግን በ2015 የታተመ ድጋሚ ሙከራም ተቀራራቢ ውጤት አገኘ (እዚያም ተፈታኙ አንድ ሰው ነበር!)።

ለፈተና ሌሊቱን ለምታነጉት ደግሞ ሌላ ቁጥር አለው፤ በ3 ቀን የተከፋፈለ 38 ድግግሞሽ፣ በአንድ ቀን ከተደረገ 68 ድግግሞሽ አላነሰም።