ዶ/ር ሲድኒ ፋርበር፦ የኬሞቴራፒ ፈር ቀዳጅ ሕይወት እና የእርስዎ ልብ

እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል ኬሞቴራፒ የምትወስዱ ከሆነ፣ የዚህን ሐኪም ታሪክ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ሲድኒ ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ተወለዱ። ከ14 ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። በ1927 ከሃርቫርድ በሕክምና ተመርቀው በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ፓቶሎጂስት ሆኑ። ሥራቸው የሞቱ ሕፃናትን አስከሬን መርምሮ የሞታቸውን ምክንያት ማወቅ ነበር። ያኔ የደም ካንሰር የያዘው ልጅ የሚድንበት መድኃኒት አልነበረም።

በ1947 ለታመሙ ሕፃናት አሚኖፕቴሪን የተባለ መድኃኒት መስጠት ጀመሩ። ከ16ቱ 10ሩ ለጊዜው ተሻላቸው። በሽታው ቢመለስም ካንሰርን በመድኃኒት ማከም እንደሚቻል ታየ። ፋርበር የልጅ ሕመም የቤተሰብ ሁሉ ሕመም መሆኑን ተረድተው ስለነበር፣ ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ የሥነ ምግብ ባለሙያውንና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛውን በአንድ ቦታ አሰባሰቡ። በ1973 በ69 ዓመታቸው አረፉ።

ከእሳቸው በኋላ ብዙ ልጆች ዳኑ። ለዚህ ከረዱት መድኃኒቶች አንዱ ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ነው። በ1991 ግን እዚያው ቦስተን ሐኪሞች በዚህ መድኃኒት የታከሙ 115 ልጆችን ልብ መረመሩ፤ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ለውጥ አገኙ። በሕይወት ዘመን የተወሰደው ጠቅላላ መጠን ሲጨምር ጉዳቱም ይጨምራል። ችግሩ ሕክምናው ካበቃ ከዓመታት በኋላም ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ እርስዎ ምን ያድርጉ?

• የመድኃኒትዎን ስም ይጠይቁ። ልብን የሚነካ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ስለመነሳት ሐኪምዎን ያነጋግሩ።
• የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የቆየ የልብ ሕመም ካለብዎ አይደብቁ።
• እስካሁን የወሰዱትን ጠቅላላ መጠን አስጽፈው ወረቀቱን ያስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱም ያሳዩት።
• ትንፋሽ ማጠር፣ ጋደም ሲሉ መታፈን፣ የእግር እብጠት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የክብደት በድንገት መጨመር ካዩ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለነርስዎ ይንገሩ። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ በአስቸኳይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ድካም ሁሉ ከካንሰሩ ነው ብለው ዝም አይበሉ። ፈርተውም መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ። ቶሎ የተደረሰበት የልብ ችግር በአብዛኛው ሕክምና አለው፤ ሐኪምዎም መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል።