ካርል ፎን ፍሪሽ

ካርል ፎን ፍሪሽ (ኖቬምበር 20 ቀን 1886 – ጁን 12 ቀን 1982 እ.ኤ.አ.) የኦስትሪያ ተወላጅ የሥነ እንስሳት ሊቅ ነበር። ንቦች ቀለም እንደሚለዩ በሙከራ በማረጋገጡና የጭፈራቸውን ትርጉም በማግኘቱ ይታወቃል። በ1973 እ.ኤ.አ. ከኮንራድ ሎሬንዝና ከኒኮላስ ቲንበርገን ጋር የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተካፈለ።

ትምህርትና ሥራ

የተወለደው ቪየና ሲሆን በቪየናና በሙኒክ ተምሮ በ1910 ዶክትሬቱን አገኘ። በሮስቶክና በብሬስላው ካስተማረ በኋላ በ1925 ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

የቀለም ሙከራ

በዘመኑ ካርል ፎን ሄስ የተባለ ስመ ጥር የዓይን ሐኪም ዓሦችና አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ቀለም አይለዩም ይል ነበር። ፍሪሽ ግን አበቦች በቀለም የደመቁት የሚያያቸው ቢኖር ነው ብሎ አሰበ። በሰማያዊ ካርቶን ላይ ስኳር ውሃ እያስቀመጠ ንቦችን አለማመደ። ቀጥሎም ሰማያዊውን ያለ ስኳር፣ ከነጭ እስከ ጥቁር በሚደርሱ ግራጫ ካርቶኖች መካከል አኖረው። ንቦቹ ቀለም የማያዩ ቢሆኑ ኖሮ ሰማያዊውን በድምቀት ከሚመስለው ግራጫ ጋር ባምታቱት ነበር፤ ነገር ግን ሰማያዊውን ለይተው አረፉበት። በቀይ ሲሞክር ግን ከጥቁርና ከጠቆረ ግራጫ መለየት አልቻሉም። ውጤቱን በ1914 አሳተመ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ንብ ለሰው የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን እንደምታይ አረጋገጡ።

በናዚ ዘመን

በእናቱ በኩል ያለችው አያቱ የአይሁድ ተወላጅ ስለነበረች በ1941 ከሥራው እንደሚሰናበት ተነገረው። በዚያው ወቅት ኖዜማ የተባለው የአንጀት በሽታ የጀርመንን ንቦች ይፈጅ ነበር። ማርና የሰብል ምርት አደጋ ላይ በመውደቃቸው፣ በሽታውን እንዲያጠና ስንብቱ ከጦርነቱ በኋላ እንዲሆን ተላለፈ።

የንቦች ጭፈራ

በዚህ ጊዜ ባደረገው ምርምር የራሱን የቀድሞ ትርጓሜ አረመ። አስቀድሞ ሁለቱ የጭፈራ ዓይነቶች የአበባ ወለላንና ጽጌ ብናኝን ይለያሉ ይል ነበር። አሁን ግን ጭፈራው ቦታ እንደሚያመለክት ተገነዘበ። ቀሳሚዋ ንብ ቀጥ ብሎ በተንጠለጠለው የማር እንጀራ ላይ ስትጨፍር፣ ከላይኛው አቅጣጫ የምታዘነብልበት ማዕዘን ምግቡ ከፀሐይ አንጻር ያለበትን አቅጣጫ ይነግራል፤ ሆዷን እያወዛወዘች የምትሄድበት ጊዜ ርቀቱን ያሳያል። ፀሐይ ብትሸፈንም ጥቂት ጥርት ያለ ሰማይ ካየች፣ በብርሃኑ የንዝረት አቅጣጫ ፀሐይ ያለችበትን ታውቃለች።

ትሩፋት

ዛሬ የእንስሳትን እይታ በምናባዊ እውነታ ለማስተማር የሚፈልግ ሰው ከዚህ መነሳቱ አይቀርም። የንብን ዓለም ለማሳየት ቀዩን ማጨለም፣ አልትራቫዮሌቱን ሰው በሚያየው ቀለም መተካት ይኖርበታል። መነጽሩ ግን ምትክ ምስል እንጂ የንቧን ስሜት አይሰጥም። ፍሪሽም ንብ ምን እንደሚሰማት ሳይሆን ምን መለየት እንደምትችል ነበር የጠየቀው፤ መልሱንም ከንቦቹ ምርጫ አገኘ። በ95 ዓመቱ በሙኒክ አረፈ።