አፄ ዘርአ ያዕቆብና ያሠሯቸው አድባራት

የደብረ ብርሃንን ስም ከወላጆቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ከተማውን የቆረቆሩት አፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው። የተወለዱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1399 ነው። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ አምባ ግሸን ላይ ታስረው ይኖሩ ነበር። እሳቸውም ለብዙ ዓመታት እዚያው ተግዘው ቆዩና በ1434 ነገሡ።

አንድ ጊዜ ተጉለት ውስጥ እጉባ በተባለ ስፍራ ሳሉ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ መልእክት ደረሳቸው። በግብፅ የነበረው የደብረ ምጥማቅ ማርያም ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን የሚነግር ነበር። ምጥማቅ ማለት መጠመቂያ ነው። ንጉሡ እጅግ አዘኑ፤ አዝነውም ዝም አላሉም። እዚያው በእመቤታችን ስም ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ አዘዙ፤ እጉባንም ደብረ ምጥማቅ አሏት። እስቲ አስቡት! ዓባይ ወደ ባሕር ከሚገባበት አገር የጠፋው ስም ሸዋ ደጋ ላይ ተተከለ።

ደብረ ብርሃን የተባለው ደግሞ በሰማይ ላይ ብርሃን ስለታየ ነው። በ1456 የታየው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። በዚያን ጊዜ ነገሥታት በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው አብዛኛውን ቀሪ ዘመናቸውን እዚያው ኖሩ።

ታዲያ ሁሉንም አናወድስ። አንሰግድም ያሉትን የአባ እስጢፋኖስን ደቀ መዛሙርት በጽኑ ቀጥተዋል፤ ለገዛ ልጆቻቸውም አልራሩም።

በ1468 ሞተው ራሳቸው ባሠሩት በደብረ ነጎድጓድ ተቀበሩ። በኋላም አጽማቸው ተነሥቶ ጣና ሐይቅ ውስጥ ወዳለው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ተወሰደ።