የእቴጌ ጣይቱ ማጀት

ከሰቆጣ ገበያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ተከዜን ሲሻገር የስሜንን ተራሮች ያገኛል፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያቀና እንደ ሆነ ደግሞ ላስታን አልፎ የጁ ይደርሳል። የእቴጌ ጣይቱ ብጡል የአባት ወገን ከስሜን ነው፤ ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል ደግሞ የየጁ ገዥ ነበሩ። ዋግ በእነዚህ በሁለቱ አገሮች መካከል ተቀምጦ ለሁለቱም ጨው ያቀብል ነበር። ከአፋር ቆላ ተጠርቦ ትግራይን አቋርጦ የሚመጣው አሞሌ ሰቆጣ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያም በነጋዴ ጀርባና በጭነት ከብት ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይበተናል። አሞሌው በገበያ ገንዘብ፣ በማጀት ማጣፈጫ ነበር። በዚያ ዘመን የደጋው ባላገር ወጡን የሚቀምሰው ብዙ ቀን ከተጓዘ ጨው ጋር ነው። ስለዚህ የእቴጌይቱን ሕይወት ከቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ይልቅ ከማድ ቤቱ በኩል ለመመልከት የሚሻ ሰው ከሰቆጣ ቢነሣ መንገድ አልሳተም።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም፣ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን ይገዙ በነበረበት ጊዜ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ተቀብለው የእንትጮን ግዛት ሰጥተውት ነበር። ዛሬ በደጋው ሁሉ የሚበላውን ድንች በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ይኸው ሰው እንደ ሆነ ይነገራል። ውቤ በዚያን ጊዜ በዐፄ ቴዎድሮስ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን አጥተዋል፤ የተከሉት እንግዳ ግን አገሩን ሳይለቅ ቆይቶ ነበር። የባዕድ አገር ተክል በኢትዮጵያ አፈር ሲበቅል ለእቴጌይቱ ቤተ ዘመድ አዲስ ወሬ አልነበረም ማለት ነው።

የወጣትነት ዘመናቸው የጦርነት ዘመን ነበር። አባታቸውን በልጅነት አጡ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ ዘውዱ ወደ ዋግ ዞሮ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነገሡ፤ ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር ነን የሚሉት የዋግ መሳፍንት አንድ ጊዜ ደግሞ የአገሩን ዙፋን የያዙት ያን ጊዜ ነው። ጣይቱ በዚህ ሁሉ መካከል ግእዝ ተማሩ፤ በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወት ቻሉ። ለዘመኑ ሴት ይህ ብዙ ነው። ከዚህ ጋር አብሮ የተማሩትን ሌላ ትምህርት የታሪክ ጸሐፊዎች አብዝተው አያነሡትም፤ ይኸውም የጎንደርና የበጌምድር ታላላቅ ቤቶች ማጀት የሚያስተምረው የጠጅ አጣጣል፣ የበርበሬ ድለዛ፣ የቅቤ አነጣጠርና የገበታ ሥርዓት ነው። የትልቅ ቤት እመቤት ምንም እንኳ ወጡን በእጇ ባትሠራ ቅመሙን በምላሷ ትለያለች፤ የጎደለውን ሳታይ በሽታው ታውቃለች።

ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ተጋቡ። የሸዋን ቤተ መንግሥት ሲረከቡ የራሱ ባህል ያለውን ማድ ቤት ነው ያገኙት። ወጥ ቤቶች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ጠጅ ጣዮች፣ ቅቤ አንጣሪዎች፣ እንጨት ለቃሚዎችና ውኃ ቀጂዎች በየአለቃቸው ተከፍለው ይሠሩ ነበር። እቴጌይቱ የሰሜኑን እጅ ከሸዋው እጅ ጋር አዋሐዱት። የአንድን አገር ምግብ አንድ ሰው ፈጠረው ማለት ከእውነት የራቀ ነው፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች የኢትዮጵያን ብሔራዊ ማዕድ የፈጠሩት ጣይቱ ናቸው እስከ ማለት መድረሳቸው በዚያ ማድ ቤት ጢስ የታጠኑትን ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች መርሳት ይሆናል። ሆኖም ከየአገሩ የተሰበሰበ መኳንንትና ሠራዊት በአንድ አዳራሽ አንድ ዓይነት ገበታ እንዲቀርብለት ያዘዙት፣ ያስተካከሉትና የቀመሱት እርሳቸው ናቸው።

ይህ ጎልቶ የታየው የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠርታ ስታልቅ በ1880 ዓ.ም. በተደረገው ግብር ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. ሮማ ባሳተሙት የዐፄ ምኒልክ ታሪክ ድግሱን በሰፊው ጽፈውታል። ለዚያ ድግስ የታረደው በሬ፣ ላም፣ በግና ፍየል ከ5,000 በላይ ነበር። በጥንቃቄ ለሚያየው የምግብ ባለሙያ ግን ከከብቱ ብዛት ይልቅ የወጡ ይዘት ያስደንቃል። ቀዩን ወጥ ያቀላው በርበሬ ትውልዱ ከአሜሪካ ሲሆን በባሕር ንግድ ዞሮ የመጣ ነው። ቁንዶ በርበሬው፣ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ከሕንድ ወገን በምጽዋና በዘይላ በር ይገቡ ነበር። ኮረሪማው ከደቡብ ምዕራቡ ደን፣ ጨው ከአፋር ቆላ፣ ጤፉና ማሩ ከደጋው ነው። ማንም ሰው ፍጹም አገርኛ ብሎ የሚምልበት ድስት የዓለምን ግማሽ ዞሮ የተሰበሰበ ነበር። ነገር ግን በድግሱ ከተቀመጡት ውስጥ ባዕድ ምግብ በላሁ ያለ አልነበረም፤ በርበሬውን ከአዋዜና ከድልህ፣ ቅርንፉዱን ከንጥር ቅቤ ጋር ያስማሙ እጆች እንግድነቱን አስረስተውት ነበርና።

ከዚያ ድግስ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። ጣልያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ በአገሩ ሁሉ ተሰራጭቶ የእርሻ በሬ አለቀ፤ ድርቁና ተምቹ ተጨመሩበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ረኀብ የሰሜኑ አገር፣ ዋግና ላስታም ጭምር ተጎዳ። ዐፄ ምኒልክ በሬ ያጣውን ገበሬ ለማበረታታት ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው ሲቆፍሩ ታዩ። እቴጌይቱም የበዓለ ንግሣቸውን ዘውድ የደፉት በዚሁ ጊዜ ውስጥ፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ነው። በሺህ የሚቆጠር ከብት ያረደ ማድ ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ ሥጋ ብርቅ ሆነበት። ስለ እንጦጦው ድግስ ሲነገር ይህን ጎን ትቶ ማለፍ ለድግሱም ለረኀቡም ፍትሕ አይደለም።

ሌላው የማድ ቤቱ ችግር እንጨት ነበር። እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ከሰየሙ በኋላ ከተማው እየሰፋ ሄደ፤ የእንጦጦና የአካባቢው ጥድ በምድጃ አለቀ። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ የተደረሰው በማገዶ እጦት ነው። ከተማውን ከመዛወር ያዳነው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነበር። የአዲስ አበባ እንጀራ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን የበሰለው በውጭ አገር ዛፍ እሳት ነው። ቅጠሉ ለምጣድ ምን ያህል እንደሚመች የሚያውቅ ጋጋሪ ነው።

በዐድዋ ዘመቻ የእቴጌይቱ ድርሻ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የመሸገውን የጣልያን ጦር ውኃውን በመያዝ ማስጨነቅ የእርሳቸው ምክር ነበር፤ ምንጩን የያዘው ጦርም የእርሳቸው ነው። ውኃና እህል የጦርነት ግማሽ መሆናቸውን ማድ ቤት ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። የየአገሩ ጦር ስንቁን ይዞ ነበር የዘመተው፤ ዋግሹም ጓንጉልም የዋግን ሰው አስከትለው ዐድዋ ተሰልፈዋል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽና ጭኮ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሸዋው የሰሜኑን፣ የሰሜኑም የሸዋውን እጅ ቀምሷል። ሠራዊቱን የመገቡት ሴቶች ስንቅ ተሸክመው ሙሉውን መንገድ በእግር የተጓዙ ናቸው።

ከድሉ በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ መጉረፍ ጀመሩ። በ1889 ዓ.ም. እንግሊዞችና ፈረንሳዮች፣ በ1896 አሜሪካውያን፣ በ1897 ጀርመኖች መጡ። ግሪኮች፣ አርመኖችና ሕንዶች ሱቅ ከፈቱ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሩዝና የታሸገ ምግብ ከወደብ መምጣቱ ቀለለ። በቤተ መንግሥቱ ለእንግዶቹ በሳሕን፣ በቢላና በሹካ የአውሮፓ ምግብ ይቀርብላቸው ጀመር። እቴጌይቱ ለፈረንጅ ፖለቲካ ያላቸው ጥርጣሬ ከማንም የበረታ ነበር፤ በውጫሌ ውል ነገር ከንጉሠ ነገሥቱ ይበልጥ ጠንክረው የቆሙ እርሳቸው ናቸው። ይኸው ጥርጣሬ ግን የፈረንጅን ድስት እንዳይመረምሩ አልከለከላቸውም። ለእንግዳ በለመደው ምግብ መስተንግዶ ማቅረብን የባላገር ጨዋነት አድርገው የያዙት ይመስላል።

በ1900 ዓ.ም. ሆቴላቸውን አስከፈቱ። ስሙም እቴጌ ሆቴል ተባለ፤ በዘመናዊ መልክ ከተሠሩት የአገሪቱ ሆቴሎች የመጀመሪያው ነው። የአውሮፓም የኢትዮጵያም ምግብ በአንድ ጣራ ሥር ተሠራበት። በሥራው መጀመሪያ እቴጌይቱ ራሳቸው ወጥ አዘጋጅተዋል፣ የማድ ቤቱን ሠራተኞችም አሠልጥነዋል እየተባለ ይተረካል። ሆቴሉ ያመጣው ትልቅ እንግዳ ነገር ሹካው ወይም የፈረንጅ ሾርባው አልነበረም። ምግብ በዋጋ መሸጡ ነው። እህል የእግዚአብሔር፣ ማብላትም የጌትነት ምልክት በሆነበት አገር ለጉርሻ ገንዘብ መክፈል ለመኳንንቱ ነውር መሰላቸው። በትውፊት እንደሚነገረው ዐፄ ምኒልክ ሹማምንቱን አስከትለው ሄደው በልተው ሒሳብ በመክፈል አርአያ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የአብሳዩ ሙያ ዋጋ ተቆረጠለት። እስከዚያ ድረስ በግብር ቤት እንደ አገልጋይ ብቻ ይታይ የነበረው የወጥ ቤት ሥራ በሒሳብ መዝገብ የሚገባ ሙያ የሆነበት መንገድ ከዚህ ይጀምራል።

በእቴጌይቱ ዘመን በበሩ ከገባው የውጭ ምግብ ውስጥ ሁሉም በሕዝቡ ቤት አልገባም። ቅቤና ወተት የበዛበት፣ በምድጃ ሣጥን የሚጋገረው የአውሮፓ ምግብ ሆቴልና ኤምባሲ ውስጥ ቀረ። ድንቹ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ቀይ ሥሩና ቲማቲሙ፣ ቆይቶም ሩዙና ፓስታው ግን ከእያንዳንዱ ጓዳ ደረሱ። ምክንያቱን ለማግኘት የጾሙን ቁጥር መመልከት ያሻል። ምእመኑ ከዓመቱ ቀን እኩሌታ ያህሉን በጾም ያሳልፋል፤ በዚያ ወቅት ያለ ቅቤና ያለ ወተት በዘይት የሚበስል ነገር ሁሉ በረከት ነው። ከሦስት ጉልቻ ላይ በአንድ ድስት የሚሠራ፣ በእንጀራ ተጠቅልሎ ከመሶብ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ማን ይመልሰዋል? ድንች በእርድ አልጫ ሆነ፤ ፓስታ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በበርበሬ ቁሌት ተሠርቶ በእንጀራ ተበላ። በሰቆጣም የሆነው ይኸው ነው። በዋግ ሌላም በር ነበረ፤ በ1965ና በ1977 ዓ.ም. ረኀቦች ጊዜ የእርዳታ ስንዴና ዘይት የእናቶችን ማጀት ያለ ፈቃዳቸው ለወጠው። የእርዳታው ስንዴ ከማሽላና ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ እንዲወጣው ያደረጉት እነዚያ እናቶች ናቸው። አብሮ የመጣ የአሠራር መምሪያ አልነበራቸውም፤ የተማመኑት በእጃቸውና በምላሳቸው ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ሲታመሙ የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌይቱ እጅ ወደቀ። የሸዋ መኳንንት ይህን ስላልወደዱት በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አራቋቸው። ትእዛዛቸው ከዚያ ወዲያ በሕመምተኛው ንጉሥ አልጋ ዙሪያ ተወሰነ፤ የሚመገቡትንም በቅርብ ይከታተሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ያን ሁሉ ድግስ ባዘዙባት ማርያም አጠገብ በጸሎት ተቀመጡ። የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እርሳቸው እዚያ ሳሉ በ1909 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐርፈው በእንጦጦ ማርያም ተቀበሩ፤ ዐፅማቸውም ኋላ ወደ በዓታ ለማርያም ፈልሶ ከባለቤታቸው ጎን ዐረፈ። ፒያሳ ላይ ያለው ሆቴላቸው ጣይቱ የሚለውን ስም ይዞ ቆየ፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ከፊሉ በእሳት ተቃጠለ፤ ተጠግኖም እንደገና ምግብ ማቅረብ ጀመረ።