ምሥጢሩ ሳይፈታ የበራ መብራት

በዛሬው ዓምዳችን የዋልተር ኔርንስትን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። በስሙ የሚጠራውን ቀመር በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ሸምድደነዋል፤ ሰውየውን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

ኔርንስት በ1864 እ.ኤ.አ. ያኔ በፕሩሲያ ሥር በነበረችው፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኘው ብሪዘን ከተማ ተወለደ። ቀመሩን ያወጣው በ1889 ገና በ25 ዓመቱ ነው። ቆይቶም በጀርመን አገር በገቲንገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1897 አንድ እንግዳ መብራት ሠራ። የዚያን ጊዜ የአምፑል ክር ከካርቦን ስለነበረ አየር ካገኘው ይቃጠላል። ኔርንስት ግን ዚርኮኒየም ኦክሳይድን ከጥቂት ይትሪየም ኦክሳይድ ጋር ቀላቅሎ ቀጭን ዘንግ አበጀ። ዘንጉ እንደ ሸክላ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አስቀድመው ሲያግሉት ግን ያሳልፋል፤ አየር ላይም ቦግ ብሎ ይበራል። ኔርንስት ፈጠራውን በብዙ ገንዘብ ሸጠ። በኋላ የተንግስተን ክር መጣና መብራቱ ከገበያ ወጣ።

በ1906 የቴርሞዳይናሚክስ ሦስተኛ ሕግ የተባለውን አሳተመ። ሙቀት ወደ ፍጹም ዜሮ ሲጠጋ የኢንትሮፒ ለውጥም ወደ ዜሮ ይጠጋል ማለት ነው። ለዚህ ሥራው የ1920ን የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ኑሮው ግን ሁሉ የተቃና አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጦሩ በኬሚካል መሣሪያ ሥራ ተሳትፏል፤ ይህን አንደብቅም። ሁለቱም ወንዶች ልጆቹ በዚያው ጦርነት ሞቱ። በናዚ ዘመን ደግሞ ሁለት ሴቶች ልጆቹ፣ ባሎቻቸው አይሁዳውያን ስለነበሩ፣ ተሰደዱ። እሱም በ1941 አረፈ።

ታዲያ ሸክላ መሳዩ ነገር እንዴት ኤሌክትሪክ አሳለፈ? ኔርንስት ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት አዮኖች እንደሆኑ ገብቶት ነበር። በጠጣሩ ውስጥ በምን መንገድ እንደሚያልፉ ግን ካርል ቫግነር የተባለ ሳይንቲስት ያስረዳው በ1943፣ እሱ በሞተ በሁለት ዓመቱ ነው። እስቲ ዴስካችንን እናስብ። ሁላችን ተጣብበን ከተቀመጥን ማንም ንቅንቅ አይልም። አንዱ ቀርቶ ቦታው ባዶ ሲሆን ግን ጎረቤቱ ጠጋ ይላል፤ የሱን ቦታ ደግሞ ሌላው ይይዛል። ይትሪየም ከዚርኮኒየም ያነሰ ኦክስጅን ስለሚይዝ በክሪስታሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ይተዋል። ኦክስጅን የሚጓዘው በዚያ ነው።

የሴሪየም ኦክሳይድም ጠባይ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ሙቀት ሲበዛና በዙሪያው ኦክስጅን ሲያንስ ኦክስጅኑን ይለቃል፤ ባዶ ቦታም ይፈጠራል። ኦክስጅን ሲመጣ መልሶ ይሞላል። በመኪና ጭስ ማጣሪያ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ኦክስጅኑን ለማስለቀቅ የሚጠፋው ጉልበትና በመለቀቁ የሚጨምረው ኢንትሮፒ ሲመዛዘኑ፣ የትኛው እንደሚያይል የሚነግረን ቴርሞዳይናሚክስ ነው።

እንግዲህ እኛ ነገ ክፍል ስንገባ መልሱን የማናውቀው ጥያቄ ሊገጥመን ነው። የኔርንስት መብራት ምሥጢር ሳይፈታ ወደ 46 ዓመት ቆይቷል። ስለዚህ አላውቅም ማለት አያሳፍረንም፤ የተማሪውን ጥያቄ ማዳፈን ግን ሊያሳፍረን ይገባል እንላለን።