ደጅ የቀረው መልእክተኛ፤ የዶክተር ኧርል ሳዘርላንድ ሕይወት

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሳይንስ ሰው ስንጽፍ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን እንደሚሥቁብን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ያደግነው በወልድያና በመርሳ መካከል ነውና የረኀብ ነገር ሲነሣ አያስችለንም። የዚህም ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ከዚያ የራቀ አልነበረም።

ኧርል ሳዘርላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 በአሜሪካን አገር፣ በካንሳስ፣ በርሊንጌም በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1930ዎቹ የንግድ ውድቀት የአባቱ ቤት ስለ ተቸገረ፣ ዋሽበርን ኮሌጅ የተማረው በሆስፒታል ተቀጥሮ እየሠራ ነው። በ1942 ከሴንት ሉዊሱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ፤ በሐኪምነት ዘምቶ ሲመለስ ወደ ካርል ኮሪ ላቦራቶሪ ገባ።

ጉበት የስኳር ጎተራ ነው። እናቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በረመዳን እስከ መግሪብ ሲቆዩ፣ ይህ ጎተራ ተከፍቶ ደማቸውን ይመግባል። አስከፋቾቹ አድሬናሊንና ግሉካጎን የሚባሉ ሆርሞኖች መሆናቸው በሳዘርላንድ ጊዜ ይታወቅ ነበር፤ እንዴት እንደሚያስከፍቱ ግን አይታወቅም ነበር።

በ1953 ወደ ክሊቭላንድ ሄዶ ከቴዎዶር ራል ጋር ሥራውን ቀጠለ። ጉበቱን ፈጭተው ሕዋሶቹን ሰባበሩ፤ ሆርሞኑ አሁንም ሠራ። በሚያሽከረክር መሣሪያ የሕዋሱን ሽፋን ስብርባሪ ከፈሳሹ ሲለዩት ግን ሆርሞኑ በፈሳሹ ላይ ምንም አላደረገም። ስብርባሪውን ለብቻው ከሆርሞኑ ጋር ካቆዩት በኋላ አንድ ነገር ወጣ፤ ያንን ወደ ፈሳሹ ሲጨምሩት ሥራው እንደገና ተጀመረ። ነገሩ ቢፈላም የማይበላሽ ነበር። ሳይክሊክ ኤ ኤም ፒ ተባለ።

ነገሩ እንደ ቤተ መንግሥት ነው (ምሳሌው የእኛ ነው፤ ሳዘርላንድን አትውቀሱት)። ሆርሞኑ ከሩቅ የመጣ መልእክተኛ ነው፤ እልፍኝ አይገባም። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው ተቀባይ፣ ማለት እልፍኝ አስከልካዩ፣ ቃሉን ይሰማል፤ ወደ ውስጥ የሚሮጠው ሌላ መልእክተኛ ነው። ሳዘርላንድ ሁለተኛ መልእክተኛ ያለው ይህንኑ ነው። አንድ ትንሽ ነገር ለብዙ ሆርሞን ያገለግላል ሲል ብዙ ሊቃውንት አላመኑትም ነበር። በ1965 ግን ከማክማን ጋር ይኸው ነገር በባክቴሪያ ውስጥ እንኳ ስኳር ሲያጣ እንደሚበዛ አሳየ። በ1971 የኖቤልን ሽልማት ለብቻው ተቀበለ።

የቀረውን ሌሎች ጨረሱት። በ1968 ከኤድዊን ክሬብስ ላቦራቶሪ ይህ ሁለተኛ መልእክተኛ የሚቀሰቅሰው ኢንዛይም ተገኘ፤ በ1980ዎቹም ኢንዛይሙ እስከ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ ክሬብ የተባለውን ፕሮቲን እንደሚያነቃና ክሬብም ዘረ መልን እንደሚያስነብብ ታወቀ። ይህ ለእኛ አገር ሰው ተራ ነገር አይደለም። የጉበት ጎተራ የሚበቃው ለአንድ ቀን ያህል ነው። ረኀቡ ሲቀጥል ግሉካጎን ደጁን መምታቱን አያቆምም፤ በጉበት አስኳል ውስጥ አዲስ ስኳር የሚሠሩት ኢንዛይሞች ዘረ መሎች ይከፈታሉ፤ ስኳሩም በብዛት የሚሠራው ከጡንቻ ከሚቀለጠው ሥጋ ነው። ሰውየው ራሱን እየበላ ይቆያል።

ሳዘርላንድ በ1973 ወደ ማያሚ ተዛውሮ ነበር፤ እዚያው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 30 ቀን 1966 ዓ.ም. ሞተ። ያን ጊዜ በወሎ ሕዝቡ አልቆ ነበር። ከደሴ መቀሌ በሚወስደው፣ መርሳንና ወልድያን በሚያቋርጠው መንገድ ዳር ከየገጠሩ የወረደ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ መንግሥት ግን ወሬውን ለወራት ሸሸገው። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንሥተው ነበር፤ ሥዕሎቹን አዲስ አበባ ላይ ለተማሪዎች አሳዩአቸው።