ኦገስት ድቮራክ፦ የቁልፍ ሰሌዳን ለጸሐፊው እጅ የማስማማት ጥረት

የጽሕፈት ፍጥነት ሲነሣ ትኩረቱ አብዛኛውን ጊዜ በጸሐፊው ልምምድ ላይ ያርፋል። ኦገስት ድቮራክ ግን ጥያቄውን ወደ መሣሪያው አዞሩት። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወታቸውን ዋና ዋና ምዕራፎች ተከትሎ፣ ሥራቸው ለአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ጥናት ያለውን ትርጉም ይመረምራል።

ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1894 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ተወለዱ፤ በኋላም በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ጥናት ፕሮፌሰር ሆኑ። ወደ ጉዳዩ የሳባቸው ስለ ታይፕ ስሕተቶች የተዘጋጀ የማስተርስ ጥናት ማማከራቸው ነበር። በ1870ዎቹ ክሪስቶፈር ሾልስ ያስለመዱት አደራደር፣ በእንግሊዝኛ እጅግ ተዘውታሪ የሆኑትን ፊደላት በብዛት ጣቶች ከሚያርፉበት ከመካከለኛው ረድፍ ውጭ አስቀምጧል። ድቮራክና አማቻቸው ዊልያም ዲሊ የፊደላትን ድግግሞሽና የጣቶችን እንቅስቃሴ ለዓመታት አጠኑ። በ1936 የባለቤትነት መብት ባገኘው ሰሌዳቸው ላይ አናባቢዎቹን ከግራ እጅ፣ ተዘውታሪ ተነባቢዎችን ከቀኝ እጅ ሥር አዋሉ፤ ዓላማው ሁለቱ እጆች እንዲፈራረቁ ነበር። በነባሩ ሰሌዳ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ምት ብቻ በመካከለኛው ረድፍ ሲያርፍ፣ በአዲሱ ወደ 70 በመቶ ከፍ አለ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድቮራክ በባሕር ኃይል መኮንንነት አገለገሉ። በ1944 ባሕር ኃይሉ ያካሄደው ሙከራ ለዳግም ሥልጠና የሚወጣው ወጪ በአጭር ጊዜ እንደሚተካ ገለጸ። ሆኖም የሙከራው አካሄድና የድቮራክ ተሳትፎ በኋላ ብርቱ ትችት አስነሥቷል። በ1956 ኧርል ስትሮንግ ለመንግሥት ያካሄዱት ጥናትም ለውጡ የሚያዋጣ ሆኖ አላገኘውም። ድቮራክ አንድ እጅ ብቻ ላላቸው ሰዎች የሚሆኑ አደራደሮችንም ነድፈው ነበር። በ1975 ሲያርፉ ሰሌዳቸው ከጥቂት ተጠቃሚዎች አላለፈም፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም ዕውቅና የሰጠው ከሞታቸው በኋላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ በታወቁት የኮምፒውተር ሥርዓቶች ሁሉ በምርጫነት ይገኛል።

ለአማርኛ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቅርጻቸው 231 ይሆናሉ፤ የላቲኑ የጽሕፈት መኪና ግን ይህን ሁሉ የሚሸከም ቁልፍ የለውም። ኢንጂነር አያና ብሩ መኪናውን ለአማርኛ ሲያስማሙ የፊደላትን ክፍልፋዮች የማገጣጠም መንገድ የተከተሉትም ስለዚህ ነው። በኮምፒውተር ዘመን በስፋት የተለመደው ስልት ደግሞ ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አከታትሎ መምታት ነው፤ ሳድሱ በአንድ ምት ሲገኝ ሌሎቹ ቅርጾች ብዙውን ጊዜ ሁለት ምት ይጠይቃሉ። ፊደላቱ በድምፅ ተመሳሳይነት በላቲኑ ቁልፎች ላይ ስለተደለደሉ፣ ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀው የ1870ዎቹ አደራደር የአማርኛ ጸሐፊንም ጣቶች ይመራል።

ከድቮራክ ሕይወት ሁለት ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛው ዘዴ ነው፦ አደራደር ከመወሰኑ በፊት የቋንቋው ፊደላት ድግግሞሽና ቅደም ተከተል ሊቈጠር፣ የእጆችም ድካም ሊለካ ይገባል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፦ የንድፉ ባለቤት የተሳተፈበት ፈተና አመኔታን ያሳጣል፤ ሚሊዮኖች አንዴ የለመዱትን ሰሌዳ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ማስረጃ በቀላሉ አይለውጠውም። ስለዚህ ለአማርኛ አንድ ወጥ የቁልፍ ሰሌዳ ከመጽደቁ በፊት በገለልተኛ ወገን መፈተኑ፣ ከጸደቀ በኋላ ለማረም ከመሞከር እጅግ የቀለለ ነው።